ከላይ ሲዘንብ ለታች መንገር፦ ለአየር ሁኔታ በጎ ፈቃድ ተመልካቾች የሚሰጥ ትምህርት

በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ የድሬዳዋው ደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ። ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ብቻ ነው፤ ሰው በላዩ ይሻገራል፣ ይነግድበታል። ጎርፉን ያመጣው ዝናብ የወረደው ደግሞ ከከተማዋ በላይ ባለው የሐረርጌ ደጋ ነበር። ውሃ ከደጋ ወርዶ ቆላ እስኪደርስ የሚወስደው ጊዜ አጭር ነው፤ ግን ስልክ ለመደወል ይበቃል። በጎ ፈቃደኞች የሚሠለጥኑት ለዚያች ጊዜ ነው።

ጉዳዩ ከብት ነጋዴንም በቀጥታ ይነካል። ወደ ገበያ የሚነዳ መንጋ ብዙ ጊዜ የሚያድረው ጥላና የተቆፈረ ውሃ በሚገኝበት ደረቅ ወንዝ ዳር ነው። ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ጎርፍ ሊደርስበት ይችላል። ስለዚህ ሠልጣኝ ሲመረጥ የቆላውን ሰው ብቻ መጥራት አይበቃም፤ ዋናው ተመልካች የላይኛው ተፋሰስ ነዋሪ ነው። እረኞችና በየመንደሩ የሚዘዋወሩ የእንስሳት ጤና ሠራተኞች ለዚህ ይመቻሉ፤ ቢሮ ከሚውል ሰው ይልቅ ሰማዩን የሚያዩት እነሱ ናቸው።

ተመልካቹ የሚናገረው የት፣ መቼ፣ ምን እንዳየና ነገሩ እየባሰ ወይም እየቀነሰ መሆኑን ነው። «ከባድ ዝናብ ጥሏል» የሚል መልእክት ለማንም አይጠቅምም። «ዛሬ ከምሽቱ 2 ሰዓት ከሩብ፣ ከድልድዩ በላይ፣ ውሃው የፍየል ሆድ ደርሷል፣ እየጨመረ ነው፣ በዓይኔ አይቻለሁ» ቢል ግን ታች ያለው ነጋዴ ወዲያው መንጋውን ያስነሳል። «2 ሰዓት» ብቻ ማለት አደገኛ ነው፤ የጠዋት ይሁን የማታ፣ በአገራችን አቆጣጠር ይሁን በፈረንጅ፣ አይታወቅም። የበረዶ መጠን በሽምብራ፣ በሎሚ ወይም በእንቁላል ቢመሰል ሁሉም ይረዳዋል። የነፋስን ፍጥነት በግምት ከመናገር «ቅርንጫፍ ሰበረ፣ የቤት ቆርቆሮ ገነጠለ» ማለት ይሻላል።

የዝናብ መለኪያ ለሌለው ጎኑ ቀጥ ያለ ቆርቆሮና ማስመሪያ ይበቃል። ከዛፍና ከግድግዳ ርቆ ይቀመጣል፤ በየቀኑ በአንድ ሰዓት ይነበባል፣ ከዚያ ይደፋል። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ውሃ ነው። ያልዘነበበት ቀንም «0» ተብሎ ይመዘገባል፤ ባዶ የተተወ መስመር አልዘነበም ይሁን አልታየ አይለይም።

አፋሮች ይህን ሥራ በዳጉ ከጥንት ጀምሮ ይሠሩታል። ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ቁጭ ብለው ስለ ዝናብ፣ ስለ ግጦሽ፣ ስለ ከብትና ስለ ሰላም ይጠያየቃሉ፤ ያዩትን ከሰሙት ለይተው ይነግራሉ፤ መዋሸትም ነውር ነው። አሠልጣኝ ወደ እንዲህ ያለ አካባቢ ሲሄድ አዲስ ቅጽ ይዞ ከመምጣቱ በፊት ይህን ቢጠይቅ ግማሹን ትምህርት ተዘጋጅቶ ያገኘዋል።

ሥልጠናው ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው አንድ ነገር አለ። ድርቅ ያከሳቸው በጎችና ፍየሎች ጎርፍ ሳይነካቸው፣ በመጀመሪያው ቀዝቃዛ ዝናብ ብቻ ሊያልቁ ይችላሉ። እንግዲህ «ጎርፍ የለም፤ ግን ሌሊቱን ሙሉ ዘንቧል፣ ነፋሱም ብርድ ነው» የሚለው ወሬ የከሳ መንጋ ለገዛ ሰው ትልቅ ማስጠንቀቂያ ነው።

ተመልካቹ ለማየት ብሎ መሞት የለበትም። ድምፅ በ3 ሰከንድ 1 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ከብልጭታው እስከ ነጎድጓዱ 30 ሰከንድ ካልሞላ መብረቁ ቅርብ ነውና ከዛፍ ሥርና ከሽቦ አጥር ይራቅ። ከብቱንም ያርቅ፤ ዛፍ የመታ መብረቅ በመሬት በኩል በእግር ይገባል፣ የፊትና የኋላ እግሩ የተራራቀ ከብት ደግሞ የበለጠ ይጎዳል። የወንዝ ከፍታም ከዳገት ላይ ሆኖ ይታያል እንጂ ውስጥ ተገብቶ አይለካም።

የስልክ ሰንሰለቱ ከዝናቡ ወቅት በፊት መሞከር አለበት። እያንዳንዱ ሰው የሚደውልላቸው ሁለት ሰዎች ይኑሩት፤ አንዱ ኔትወርክ ባያገኝ ሌላው ይቀበላል። የተቀበለውም «ደርሶኛል» ብሎ ይመልስ፤ መልስ ካልመጣ ላኪው ሌላ ሰው ጋ ይደውላል።