የጫጩቱን ፆታ የምትወስነው እናቲቱ ናት

ዶሮ የሚያስታቅፉ ብዙ ሰዎች ሾጣጣው እንቁላል ወንድ፣ ድብልብሉ ሴት ይፈለፍላል ይላሉ። ግምቱ ትክክል አይደለም። ለምን እንዳልሆነ ደረጃ በደረጃ እንመልከት።

አንደኛ፤ ክሮሞዞም በሴል ውስጥ የሚገኝ፣ የዘር መረጃ የያዘ ክር ነው። ዶሮ 39 ጥንድ፣ በድምሩ 78 ክሮሞዞሞች አላት። ፆታን የሚለየው አንዱ ጥንድ ብቻ ነው። በሰው ልጅ ሴቷ ሁለት ኤክስ፣ ወንዱ ኤክስና ዋይ አላቸው። በወፎች ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ አውራው ሁለት ዜድ ሲኖረው፣ ሴቷ አንድ ዜድና አንድ ደብሊዩ አላት።

ሁለተኛ፤ አውራው ለልጁ የሚያወርሰው ምንጊዜም ዜድ ነው፤ ሌላ የለውም። እናቲቱ ግን ወይ ዜድ ወይ ደብሊዩ ትሰጣለች። ዜድ ከሰጠች ጫጩቱ ወንድ፣ ደብሊዩ ከሰጠች ሴት ይሆናል። ዕድሉ እኩል በእኩል ነው።

ሦስተኛ፤ ይህ የሚለየው አስኳሉ ከእንቁልጢው፣ ማለትም እንቁላል ከሚመነጭበት አካል፣ ሊላቀቅ ጥቂት ሲቀረው ነው። ከዚያ በኋላ አስኳሉ በእንቁላል ቧንቧው ሲወርድ መጀመሪያ ነጩ፣ ቀጥሎ ስስ ሽፋኑ፣ በመጨረሻም ቅርፊቱ ይሸፍነዋል። ቅርፊቱ ብቻውን 20 ሰዓት ያህል ይፈጃል። እንግዲህ ለእንቁላሉ ቅርፅ የሚሰጠው የእናቲቱ ቧንቧ እንጂ ውስጥ ያለው ጫጩት አይደለም።

አራተኛ፤ ዜድ ላይ ዲኤምአርቲ1 የሚባል ጂን፣ ማለትም የዘር መረጃ የያዘ የክሮሞዞም ክፍል፣ አለ። ወንዱ ሁለት ዜድ ስላለው ይህ ጂን በእጥፍ አለው፤ ሴቷ አንድ ብቻ አላት። በመጀመሪያዎቹ የመታቀፊያ ቀናት የሁለቱም የመራቢያ አካል አንድ ዓይነት ነው፤ መለያየት የሚጀምረው በ6ኛው ቀን ገደማ ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች በወንድ ሽሎች ውስጥ የዚህን ጂን ሥራ ሲቀንሱት፣ ቆለጥ መሆን የነበረበት አካል ወደ እንቁልጢ አዘነበለ። ወንድነትን የሚያመጣው የጂኑ መጠን መሆኑ በዚህ ታወቀ።

አምስተኛ፤ ይህ እውቀት ለአርቢው ትልቅ ጥቅም አለው። ዜድ የላባ ቀለም ጂንም ይሸከማል፤ ነጣ ያለውን ቀለም የሚያመጣው ጂን ቡናማውን ያሸንፈዋል። ቡናማ አውራ ከነጭ ቀለም ጂን ካላት ዶሮ ጋር ሲዳቀል፣ ሴቶቹ ያላቸው ብቸኛ ዜድ ከአባት የመጣ ስለሆነ ቡናማ ይሆናሉ። ወንዶቹ ግን ከእናታቸውም ዜድ ስለሚወርሱ ነጣ ይላሉ። በአገራችን የሚታወቀው ቦቫንስ ብራውን የሚዘጋጀው በዚህ መንገድ ነው። የአንድ ቀን ጫጩት የያዘ ካርቶን ሲከፈት ቡናማዎቹ ሴቶች፣ ወደ ነጭ ቢጫ የሚያደሉት ወንዶች ናቸው። ማዳቀሉን ከገለበጡት ግን፣ ማለትም አውራው ንጹሕ ነጭ፣ ዶሮዋ ቡናማ ከሆኑ፣ ልጆቹ ሁሉ ነጣ ስለሚሉ ፆታ አይለይም።

ስለዚህ ለሚታቀፍ እንቁላል ሲመርጡ ቅርፁን ለፆታ መለያ አያድርጉት። ቅርፊቱ ያልተሰነጠቀ፣ መጠኑ መካከለኛ፣ ትኩስና ንጹሕ እንቁላል ይምረጡ። በቀለም የተለዩ ጫጩቶች ገዝተው ካሳደጉም፣ እነሱን እርስ በርስ አዳቅለው የልጆቻቸውን ፆታ በቀለም አለያለሁ አይበሉ፤ የሁለተኛው ትውልድ ቀለም ይደባለቃል።