መርዶ ያልተነገረላቸው አብራሪ

ሰው ርቆ ሲሞት ለቤተሰቡ መርዶ ይነገራል። መርዶ ነጋሪዎች ማልደው ይሄዳሉ፤ ከዚያ ቤተ ዘመድ ያለቅሳል፣ ድንኳን ይተከላል፣ እድርተኛው ይሰበሰባል። በክርስቲያኑ ቤት አርባው ይቆጠራል፤ በሙስሊሙ ቤት ሰደቃ ይወጣል። መርዶ ከባድ ቢሆንም ሐዘንን ያስጀምራል፤ የተጀመረ ሐዘን ደግሞ ቀስ በቀስ ይበርዳል። መርዶ ያልመጣበት ቤት ግን ለቅሶ መቀመጥም ተስፋ መቁረጥም አይችልም። በዚህ ትምህርት የምንማረው በጦርነት ስለጠፋ አብራሪ ነው። ስንማርም “ሞተ” እና “ጠፋ” የሚሉትን ሁለት ቃላት ለይተን እንይዛለን። ዓመቶቹን የጻፍነው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

ሁለት አብራሪዎች

ጄኔራል ለገሰ ተፈራ ገና ጄኔራል ሳይሆኑ፣ በ1969 መጨረሻ በኦጋዴን ጦርነት ኤፍ 5 ተዋጊ አውሮፕላን ሲያበሩ ተመትተው በሶማሊያ ጦር እጅ ወደቁ። ከአሥር ዓመት በላይ ታሰሩ። ኢትዮጵያና ሶማሊያ በመጋቢት 1980 ሲስማሙ የሁለቱም ወገን ምርኮኞች ተለቀቁ፤ እሳቸውም በዚያው ዓመት ወደ አገራቸው ገቡ።

ኮሎኔል በዛብህ ጴጥሮስ ሁለት ጊዜ ተማርከዋል። የመጀመሪያው በ1970ዎቹ፣ በሰሜኑ ጦርነት ነበር። ከዚያ ምርኮ ወጥተው እንደገና አውሮፕላን አበረሩ። በ1990 ኢትዮጵያና ኤርትራ በባድመ ምክንያት ጦርነት ገጠሙ። ግንቦት 28 ቀን የኤርትራ አውሮፕላኖች መቀሌ የሚገኘውን የአይደር ትምህርት ቤት ደበደቡ፤ ሕፃናትም ሞቱ። በዚያው ቀን የኢትዮጵያ አውሮፕላኖች የአስመራን አውሮፕላን ማረፊያ ደበደቡ። በማግስቱ፣ ግንቦት 29 ቀን፣ ኮሎኔል በዛብህ ያበሩት የነበረው ሚግ 23 አስመራ ላይ ተመትቶ ወደቀ። እሳቸው በሕይወት መማረካቸው ያን ጊዜ ተነግሯል። ከዚያ በኋላ ግን ወደ አገራቸው አልተመለሱም፤ ለቤተሰባቸውም መርዶ አልመጣም።

ሕጉ ምን ይላል?

የጦር ምርኮኞችን የሚመለከተው ሦስተኛው የጄኔቫ ስምምነት በነሐሴ 1941 የተፈረመ ነው። ከሚያዝዛቸው ነገሮች አራቱን እንያቸው።

1ኛ/ ምርኮኛ ሲጠየቅ የመናገር ግዴታ ያለበት ስሙን፣ ማዕረጉን፣ የልደት ቀኑንና መለያ ቁጥሩን ብቻ ነው።
2ኛ/ ከድብደባ፣ ከስድብና ከሕዝብ መሳለቂያነት ይጠበቃል።
3ኛ/ ለቤተሰቡ መማረኩን የሚያሳውቅ ካርድ እንዲጽፍ ይደረጋል። የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ ወኪሎችም ሊጎበኙትና ያለ ምስክር ሊያነጋግሩት ይችላሉ።
4ኛ/ ውጊያው ሲያበቃ ሳይዘገይ ወደ አገሩ ይመለሳል።

ከእነዚህ ውስጥ ሦስተኛውን ልብ ብለን እናንብበው። መዝገብና ጉብኝት የወረቀት ሥራ ብቻ ይመስሉ ይሆናል። ነገር ግን ስሙ በገለልተኛ ወገን የተመዘገበ ምርኮኛ ዝም ብሎ ሊጠፋ አይችልም፤ ያሰረው ወገን “የት አደረስከው?” ተብሎ ይጠየቃል። ያልተመዘገበውን ግን ማን ይጠይቅለታል?

ሁለቱ መንግሥታት በታኅሣሥ 1993 አልጀርስ ላይ የሰላም ስምምነት ከፈረሙ በኋላ፣ የጦርነቱን ጥፋቶች የሚመረምር የካሣ ኮሚሽን ተቋቋመ። ኮሚሽኑ ስለ ምርኮኞች የሰጠው ውሳኔ በሰኔ 1995 ወጣ። ኤርትራ ከግንቦት 1990 እስከ ነሐሴ 1992 ድረስ የቀይ መስቀል ወኪሎች ምርኮኞችን እንዳይጎበኙና እንዳይመዘግቡ በመከልከሏ ጥፋተኛ ሆና ተገኘች። ኮሎኔል በዛብህ የተማረኩት ልክ በዚህ ጊዜ ውስጥ ነው። ኤርትራ ለመከራከሪያ ያቀረበችው የጄኔቫን ስምምነት የተቀበለችው በነሐሴ 1992 መሆኑን ነበር። ኮሚሽኑም ምርኮኛን የማስጎብኘት ግዴታ ሳይፈርሙም የሚያስር የተለመደ ሕግ ነው ብሎ መለሰ። ኢትዮጵያ ደግሞ 1,287 ኤርትራውያን ምርኮኞችን ከሚገባው በላይ ለ77 ቀን በማዘግየቷ በዚያው ሰሞን ጥፋተኛ ተብላለች። 77 ቀን ለመንግሥት አጭር ነው፤ ደጅ ደጁን ለሚያይ ቤተሰብ ግን እያንዳንዱ ቀን ረጅም ነው።

እንዴት እናስታውስ?

ለሞተ ጀግና ሐውልት ይቆማል፣ ስሙም በትምህርት ቤትና በመንገድ ይጠራል። ለጠፋ ሰው ግን ይህ አይበቃም። ሐውልት “አበቃ” ይላል፤ የጠፋ ሰው ጉዳይ ግን አላበቃም። ስለዚህ የጠፋን አብራሪ ማስታወስ ማለት ስሙን ከነጥያቄው መያዝ ነው፦ የት ነው? ማን ያውቃል? ለቤተሰቡስ የሚነገረው መቼ ነው?

ስናስታውስም ወሬ አንጨምር። “እንዲህ ሆኗል” የሚል ያልተጣራ ወሬ ለሚጠብቅ ቤተሰብ ሐሰተኛ መርዶ ወይም ሐሰተኛ ተስፋ ነው። አብራሪውን ስናከብር ከአውሮፕላኑ በታች የነበሩትንም አንርሳ። የአይደር ሕፃናት ወላጆች ነበሯቸው፤ ልጇ ከባድመ ምሽግ ያልተመለሰላት ኤርትራዊት እናትም እንደኛዋ እናት በር በሩን ታያለች። በቀጠናችን ጎረቤት ሆነን የምንኖር ልጆች ይህን ካወቅን፣ ነገ መኮንን፣ ዳኛ ወይም ጋዜጠኛ ስንሆን በእጃችን የወደቀን ሰው ስም መጀመሪያ እንመዘግባለን።

ለውይይት

1. በ“ሞተ” እና በ“ጠፋ” መካከል ያለው ልዩነት ለቤተሰብ ምን ያህል ነው?
2. የምርኮኛ ስም በገለልተኛ ወገን መመዝገቡ ሕይወቱን እንዴት ይጠብቃል?
3. በቤታችሁ ወይም በሰፈራችሁ በጦርነት የጠፋ ዘመድ ያለው ሰው ካለ፣ ፈቃዱን ጠይቃችሁ ስለ ዘመዱ የሚያስታውሰውን ጻፉ። የሰማውንና ያየውን ለያይታችሁ መዝግቡ።