ላፕቶፑን አትጠብቅ፤ ሰርቨሩ ኪስህ ውስጥ ነው

ላፕቶፕ የለኝም ትላለህ። እሺ፣ የለህም።

ስልክስ?

አለህ! ያውም ተኝተህ እንኳ ከትራስህ ሥር የማይጠፋ።

እንግዲያው ስማኝ። ቲም በርነርስ-ሊ እ.ኤ.አ. በ1990 ጄኔቫ አጠገብ ባለው የሰርን የምርምር ማዕከል የዓለምን የመጀመሪያ የዌብ ሰርቨር ያስነሳው ኔክስት በሚባል ኮምፒውተር ላይ ነበር። የፕሮሰሰሩ ፍጥነት 25 ሜጋኸርዝ ነው። ያንተ ስልክ፣ ርካሹም ሳይቀር፣ የሚቆጠረው በጊጋኸርዝ ነው። ሰውዬው ማሽኑ ሰርቨር መሆኑንና ማንም እንዳያጠፋው የሚያስጠነቅቅ ወረቀት ለጥፎበት ነበር። ምን ያድርግ? አንዱ መጥቶ ቢያጠፋው ዌብ የሚባለው ነገር እዚያው ድርግም ይላላ!

ዌብ በዚያ ማሽን ተጀመረ። አንተስ በዚህ ስልክ ምን ጀመርክ?

ቲክቶክ እንዳትለኝ።

የኮዲንግ ቪዲዮ ታያለህ። ምናልባት በ5 ሚሊዮን ኮደሮች ፕሮግራም ተመዝግበህ ሰርተፊኬት ይዘሃል። ጎበዝ! ግን በገዛ እጅህ የጻፍከው ገጽ ብሮውዘር ላይ ተከፍቶ አይተህ ታውቃለህ? ካላየህ ዛሬ ማታ ታያለህ።

ስልክህ አንድሮይድ ነው? ስሪቱ 7 ወይም ከዚያ በላይ ነው? በቃ፣ ተርመክስ የሚባለውን ነፃ አፕ ከኤፍ-ድሮይድ አውርድ። (የአይፎን ልጆች፣ አትቀየሙኝ፤ ይህ ጨዋታ የአንድሮይድ ነው።) ክፈተው። ጥቁር ስክሪን ይመጣል። አትደንግጥ! አንድሮይድ ከሥሩ ሊኑክስ ነው፤ ያ ጥቁር ስክሪን ወደዚያ የሚያስገባህ ነው። ፓይተንን ጫንበት። ኢንተርኔት የሚያስፈልግህ እስከዚህ ድረስ ብቻ ነው። አዲስ ፎልደር ፍጠር፣ ኢንዴክስ የሚል ስም ያለው የኤችቲኤምኤል ፋይል አስቀምጥበት፣ ስምህን ጻፍበት። ከዚያ እዚያው ፎልደር ውስጥ ሆነህ ፓይተን ይዞት የሚመጣውን የዌብ ሰርቨር በፖርት 8080 አስነሳ። ትእዛዙ አንድ መስመር ነው። ለምን 80 አልሆነም? ከ1024 በታች ያሉትን ፖርቶች አንድሮይድ ለተራ አፕ አይፈቅድም። አትታገለው፣ 8080 ይበቃሃል።

አሁን ብሮውዘርህን ክፈትና 127.0.0.1:8080 ብለህ ጻፍ።

ስምህ መጣ?

እስከ ዛሬ የሌላ ሰው ሰርቨር ስትጠይቅ ኖረሃል። አሁን ጠያቂውም መላሹም ያንተው ስልክ ነው። ለዚህ ደግሞ ማንንም አላስፈቀድክም!

አልመጣም? ይበልጥ ጥሩ። ትምህርቱ ያለው እዚህ ነው። በስምህ ፈንታ የፋይሎች ዝርዝር ከመጣ ደስ ይበልህ፤ ሰርቨርህ በሕይወት አለ፣ ያጣው ኢንዴክስ የሚለውን ፋይል ነው። የፋይሉን ስም ፊደል በፊደል አጣራ። ፖርቱ ተይዟል ካለህ ቅድም ያስነሳኸውን አልዘጋኸውም፤ ዝጋና እንደገና ሞክር። አማርኛህ የተዘበራረቀ ምልክት ሆኖ ከመጣ በፊደላችን አታሳብብ፤ እሱ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ዩኒኮድ ውስጥ አለ። የገጹ ራስጌ ላይ ዩቲኤፍ-8 መሆኑን የምትናገር አንዲት መስመር ረስተሃል። ጨምራትና ገጹን አድስ። ስክሪኑ ሲጠፋ ሰርቨሩም አብሮ ተኛ? የተርመክስን ኖቲፊኬሽን ወደ ታች ሳብና ዌክሎክ የሚለውን ንካ።

አየህ? አንድ ስህተት፣ አንድ መፍትሔ። ፕሮግራመር የሚባለው ሰው ቀኑን ሙሉ የሚውለው በዚህ ነው። ልዩ ጭንቅላት ይዞ አልተወለደም። ስህተቱን አንብቦ መሞከር ልማድ ሆኖበት ነው። ልማድ ደግሞ ማንም ያወጣዋል። ዛሬ ሃያ ደቂቃ፣ ነገም ሃያ ደቂቃ። መብራት ቢጠፋ እንኳ ባትሪህ እስካለ ድረስ ምክንያት የለህም።

አንድ ነገር ልብ በል። ይህ ሰርቨር መለማመጃ ነው፤ ለድርጅት ሥራ አይሆንም፣ የፓይተን ሰነድም ይህንኑ ያስጠነቅቃል። ያስነሳህበት ፎልደር ውስጥ ያለውን ሁሉ በዚያው ዋይፋይ ላይ ያለ ሰው ሊያየው ይችላል። ስለዚህ ፎቶህ ካለበት ፎልደር እንዳታስነሳው!

አሁን ጓደኛህን ጥራው። ፓኬጅ አልቆብኛል ካለህ አያስፈልግም በለው። ሆትስፖትህን ክፈት፣ ዳታህን አጥፋ፣ እሱም ያጥፋ። ከሆትስፖትህ ሲገናኝ ስልኩ ኢንተርኔት የለም ብሎ ያጉረመርማል፤ ይተወው። ከዋይፋዩ ዝርዝር ውስጥ ጌትዌይ የሚለውን ቁጥር ይፈልግ፤ ያ ያንተ ስልክ አድራሻ ነው። ቁጥሩን ብሮውዘሩ ላይ ይጻፍ፣ ሁለት ነጥብ፣ ከዚያ 8080።

ገጽህ እሱ ስልክ ላይ ሲከፈት አንተ ጥቁሩን ስክሪን ተመልከት። የጓደኛህ ስልክ አድራሻና 200 የሚል ቁጥር ያለባት አዲስ መስመር ትወጣለች። ጥያቄው ደርሷል፣ መልስም ተሰጥቷል። ስልኩን ወደ ኪሱ ሳይመልስ ሁለተኛው ገጽ ላይ ምን ማየት እንደሚፈልግ ጠይቀው። ነገ ማታ እሱን ጻፍ።