«ነገ አጠናለሁ» ስለ ማለት

የሀዲያ ዋና ከተማ ሆሳዕና ስሟን የወረሰችው ከበዓለ ሆሳዕና ነው። ቃሉ በዕብራይስጥ «አሁን አድን» የሚል ልመና ነው፤ «ነገ አድን» አይልም። ነገር ግን በዚህችው ከተማ፣ በ2004 ዓ.ም. ማስተማር በጀመረው በዋቸሞ ዩኒቨርሲቲም ሆነ በከምባታ ከተማ በዱራሜ ከሚማሩት ልጆቻችን መካከል ጥናታቸውን ከዛሬ ወደ ነገ የሚያሳልፉ አይታጡም።

ይህን ጠባይ ስንፍና ነው ብለን ብቻ አንገሥጸው። ብዙ ጊዜ ሥሩ ፍርሃት ነው፤ ተማሪው አለማወቁ እንዳይገለጥበት ከመጽሐፉ ይሸሻል። ሽሽቱ ለአንድ ሌሊት ያሳርፈዋል፤ ፈተናው ሲቀርብ ግን ፍርሃቱ እጥፍ ሆኖ ይመለሳል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ በጥድፊያ የተጠናም ፈጥኖ ይረሳል።

የሀዲያና የከምባታ ገበሬ እንሰት ተክሎ ቆጮውን የሚበላው ከዓመታት በኋላ ነው፤ በጊዜው ያልተከለውን በችግር ቀን ሊያደርሰው አይችልም። ዕውቀትም እንደዚሁ ነው።

መድኃኒቱስ ምንድን ነው? ቤተ ክርስቲያን ጸሎትን ለየሰው ስሜት ሳትተው በቀን ሰባት ጊዜ እንደ ወሰነች፣ ተማሪም ለጥናቱ የታወቀ ሰዓት ይወስን። ሰዓቱ ሲደርስ መጽሐፉን ሁሉ ሳያስብ በአንዲት ገጽ ይጀምር፤ የሚከብደው መጀመሩ ነውና። አንድ ቀን ቢያመልጠው ተስፋ ሳይቆርጥ በማግሥቱ በሰዓቱ ይቀመጥ።

እኛም ወላጆችና መምህራን በዚያች ሰዓት ልጁን ወዲያና ወዲህ አንላከው፤ ያልገባውን ሲጠይቅም አናሳፍረው። ያሳፈርነው ልጅ ጥያቄውን ለነገ ያቆየዋልና፣ «ነገ» ማለትን ያስተማርነው እኛው እንዳንሆን እንጠንቀቅ።