ሂደትን የሚገልጽ ድርሰት፤ የተቆለፉ ፋይሎችን ከአሮጌ ኮምፒዩተር ማውጣት

ሀ. መግቢያ

ትረካ «ምን ሆነ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ሲሰጥ፣ ሂደትን የሚገልጽ ድርሰት «እንዴት ይሠራል?» ለሚለው ይመልሳል። የዚህ ዓይነት ድርሰት ጸሐፊ ሦስት ነገሮችን ያሟላል። አንደኛ፣ የሥራውን ቅደም ተከተል ይጠብቃል፤ ሁለተኛ፣ የእያንዳንዱን ርምጃ ምክንያት ይሰጣል፤ ሦስተኛ፣ አንባቢው ሊሳሳት የሚችልበትን ቦታ አስቀድሞ ያመለክታል። እነዚህን ነጥቦች እያሰባችሁ የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ።

ለ. ምንባብ

አንድ ቤተሰብ ለብዙ ዓመታት የተገለገለበት ኮምፒዩተር አልነሣም አለ እንበል። የሟች አያት ፎቶግራፎችና የልጆቹ የሠርግ ሥዕሎች በውስጡ ናቸው፤ ሌላ ቅጂም የላቸውም። ሆኖም ኮምፒዩተሩ ተበላሸ ማለት ፋይሎቹ ጠፉ ማለት አይደለም። ፋይሎች የሚቀመጡት በሀርድ ዲስኩ ውስጥ ነውና።

በመጀመሪያ፣ ኮምፒዩተሩ ከኤሌክትሪክ ተነቅሎ ሀርድ ዲስኩ በጥንቃቄ ይወጣል። ቀጥሎ በዩኤስቢ ማገናኛ አማካይነት ከሌላ ደኅና ኮምፒዩተር ጋር ይያያዛል። ዲስኩ የመንኳኳት ድምፅ ካሰማ ግን ሥራው ወዲያውኑ ይቋረጣል፤ የተጎዳ ዲስክ በተሽከረከረ ቁጥር ጉዳቱ ሊብስ ስለሚችል ለባለሙያ መስጠት ይገባል።

ዲስኩ በደኅና ከተነበበ የቤተሰቡ ፎልደር ይታያል። ነገር ግን ሊከፍቱት ሲሞክሩ «ፈቃድ የላችሁም» የሚል መልእክት ሊመጣ ይችላል። በዚህ ጊዜ ተስፋ ቆርጦ ዲስኩን ፎርማት ማድረግ ትልቅ ስሕተት ነው። ዊንዶውስ የፋይልን ባለቤት የሚለየው በስሙ ሳይሆን በመለያ ቁጥሩ ነው። ስለዚህ የተጠቃሚው ስም በአሮጌውም በአዲሱም ኮምፒዩተር አንድ ቢሆን እንኳ፣ ቁጥሩ ስለሚለያይ አዲሱ ኮምፒዩተር ባለቤቱን እንደ እንግዳ ይቆጥረዋል።

መፍትሔው ባለቤትነቱን ማዛወር ነው። በአስተዳዳሪነት መብት ከተገባ በኋላ በፎልደሩ ላይ የማውሱ ቀኝ ቁልፍ ተጭኖ «ፕሮፐርቲስ»፣ ከዚያ «ሴኩሪቲ»፣ ከዚያም «አድቫንስድ» ይመረጣል። «ኦውነር» ከሚለው ቃል አጠገብ ያለው «ቼንጅ» ተነክቶ የአዲሱ ተጠቃሚ ስም ይጻፋል፤ ለውጡም በፎልደሩ ውስጥ ላሉት ሁሉ እንዲደርስ ይታዘዛል። በመጨረሻም ፋይሎቹ ወደ ሌላ ዲስክ ይገለበጣሉ።

ይሁን እንጂ የተቆለፈና የተመሰጠረ ፋይል አንድ አይደሉም። የተቆለፈ ሣጥን ባለቤትነቱን ላስመሰከረ ሰው ይከፈታል፤ የተመሰጠረ ጽሑፍ ግን ሣጥኑ ቢከፈትም አይነበብም። እ.ኤ.አ. በ2000 በወጣው ዊንዶውስ የተጀመረው ኢኤፍኤስ የተባለው ምስጠራ ቁልፉን ከአሮጌው ተጠቃሚ የይለፍ ቃል ጋር ያስተሳስራል። እ.ኤ.አ. በ2007 የመጣው ቢትሎከር ደግሞ ዲስኩን በሙሉ የሚመሰጥር ሲሆን፣ የይለፍ ቃሉ ሲረሳ ባለ 48 አኃዝ የማስመለሻ ቁጥር ይጠይቃል። ቁልፉም ቁጥሩም ከሌለ፣ ምንም ዓይነት ብልሃት ፎቶግራፎቹን አይመልስም። ከዚህም የተነሣ ቁጥሩን አስቀድሞ በወረቀት ጽፎ ማስቀመጥ ይበጃል። ይህ ሁሉ የሚሠራው በራስ ንብረት ላይ ወይም በባለቤቱ ፈቃድ ብቻ እንደ ሆነ መዘንጋት የለበትም።

ሐ. ማብራሪያ

«ይያያዛል»፣ «ይገለበጣሉ» የሚሉትን ግሦች ልብ በሉ። ጸሐፊው ትኩረቱን ከሠሪው ይልቅ በሥራው ላይ ለማድረግ ሲል ተደራጊ ግሥ ተጠቅሟል። «ተነቅሎ» የሚለው ቦዝ አንቀጽ ከማሰሪያ አንቀጹ በፊት መፈጸም ያለበትን ድርጊት ያመለክታል። «ካሰማ» በሚለው ቃል ያለው «ከ» ደግሞ ሁኔታን ያሳያል። ይህ ሐረግ ቢቀር ዐረፍተ ነገሩ ሰዋስዋዊ ስሕተት አይኖርበትም፤ አንባቢው ግን ደኅናውን ዲስክ እንኳ ሥራውን ሳይጨርስ ይነቅለው ነበር።

መ. መልመጃ

1. የምንባቡን ሁለተኛ አንቀጽ በትእዛዝ አንቀጽ መልሳችሁ ጻፉ። (ምሳሌ፦ «ይወጣል» — «አውጡ»)

2. በምንባቡ ውስጥ ያሉትን ቅደም ተከተል አመልካች ቃላት ዘርዝሩ።

3. «የተቆለፈ» እና «የተመሰጠረ» የሚሉትን ቃላት ልዩነታቸው በግልጽ እንዲታይ በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ አስገቡ።

4. ቡና ማፍላትን ወይም በደንብ የምታውቁትን ሌላ ሥራ መርጣችሁ የሦስት አንቀጽ ድርሰት ጻፉ። አንድ ጊዜ ከተፈጸመ በኋላ ሊታረም የማይችለው ስሕተት የትኛው እንደ ሆነ ማመልከት አትርሱ።