ስለ ጥብስ ፍርግርግ አጠባበቅ
ጥያቄ፦ የጓሯችን የጋዝ መጥበሻ ፍርግርግ ጥቁርና አንጸባራቂ ልባጥ አለው። ባለቤቴ በሽቦ ብሩሽ ሲፈትጉት ልባጡ ከጠርዙ መፈርፈር ጀመረ። እንዴት ይጸዳል? ይጣል ወይስ ይቆይ?

መልስ፦ ክቡር ጠያቂ ሆይ፥ ያ ልባጥ ቀለም ሳይሆን፥ የተፈጨ መስተዋት ከ700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚበልጥ እሳት ቀልጦ ከብረቱ ጋር የተዋሐደበት ኢናሜል ስለ ሆነ፥ ጠባዩም የመስተዋት ጠባይ ነው፤ እሳትን ይታገሣል፥ መመታትንና በጋለበት ሰዓት ቀዝቃዛ ውኃ መቀበልን ግን አይታገሥም። ስለዚህ ጥብሱ ከተነሣ በኋላ ምድጃውን ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ያህል ክዳኑን ገጥሞ ማንደድ፥ ስቡም ወደ ዐመድነት ሲለወጥ አጥፍቶ፥ ፍርግርጉ ሲበርድ በናይለን ብሩሽ ወይም በእንጨት መፋቂያ ማራገፍ ይበቃል። የቀረውን እድፍ ለብ ባለ የሳሙና ውኃ ዘፍዝፎ በስፖንጅ ማሸት፥ ወዲያውም ማድረቅ ነው።

የሽቦ ብሩሹን ነገር ግን አጥብቄ እከለክላለሁ፤ ልባጡን ከመጫሩ ይልቅ የሚያስፈራው፥ ተነቅሎ በፍርግርጉ ላይ የቀረ ቀጭን ሽቦ ከሥጋው ጋር ተውጦ ጉሮሮን ወይም አንጀትን መውጋቱ ነው፤ ይህም በሐኪሞች ዘንድ የታወቀ ጉዳት ነው።

ጠርዙ ብቻ ከተላጠ አይጣል፤ ዝገቱን ፈግፍገው፥ ዘይት በስሱ ቀብተው ያግሉት፥ ከእያንዳንዱ እጥበት በኋላም ይህንኑ ይድገሙ። ሥጋው በሚያርፍበት ገጽ ላይ እየተቀረፈ የሚረግፍ ከሆነ ግን፥ ስብርባሪው ከመብሉ ጋር እንዳይቀላቀል ሌላ ፍርግርግ ይግዙ።