ዶላሩ ሲበዛ ብሩ ለምን ያልቃል?

ጥያቄ፦ ለጥምቀት ከአሜሪካ ኮላ ድባ እናቴ ዘንድ እሄዳለሁ። ዶላር ስለጨመረ እንደልቤ የማወጣ መስሎኝ ነበር፤ እናቴ ግን «ብሩ ቶሎ ያልቅብሃል» ይሉኛል። እውነት ነው? የትስ ልመንዝር?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ እናትዎ ልክ ናቸው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ነዳጅ፣ የምግብ ዘይትና ማዳበሪያ በውጭ ምንዛሪ ስለሚገቡ የገበያው ዋጋም አብሮ ወጣ። ይህ የዋጋ መውጣት ለእርስዎ ያለውን ትርፍ ይቀንሰዋል፤ በብር ለሚኖሩት ለእናትዎ ግን ሸክም ነው።

የሚያስፈልግዎትን ያህል ብቻ በየጊዜው ይመንዝሩ። ተመኑ ከባንክ ባንክ ስለሚለያይ ወደ ኮላ ድባ ሲያልፉ ጎንደር ላይ ሁለት ሦስት ባንክ ጠይቀው ደረሰኝ ይያዙ። ጥቁር ገበያ ሕገ ወጥ ነው፤ ቢጭበረበሩም አቤት ለማለት ይቸገራሉ። በርከት ያለ ጥሬ ገንዘብ ይዘው የሚመጡ ከሆነ፣ ከመነሳትዎ በፊት የማስመዝገቢያ ደንቡን ከጉምሩክ ወይም ከባንክዎ የውጭ ምንዛሪ ክፍል ይጠይቁ።